የሃያ ሰከንድ ኤዲት ሌሊቱን የሚበላው ለምንድን ነው?

አንድ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ኤዲት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ለሚሠራ ልጅ ብትጠይቁት መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ "እንደ ኤዲቱ ነው" ይላችኋል። የሽሽት መልስ ይመስላል፤ ግን ሐቁ እሱ ነው። አንዱ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ለእራት ይጨርሳል። ሌላው ለዚያው ርዝመት ወራት ይቀመጣል። ሁለቱም አልዋሹም።

እኔ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ የከተማው ጫፍ ላይ ወጣቱ ብዙ፣ መዋያው ጥቂት ነው። መገናኛ ደርሶ መመለስ ራሱ ከነሰልፉ ቀኑን ይቆርሰዋል። ስለዚህ ልጆቹ ቤት ቁጭ ብለው አኒሜ ያያሉ። ከሚያዩት መሃል ጥቂቶቹ ደግሞ ማየት ብቻ አይበቃቸውም። ትዕይንቱን ቆራርጠው ከሚወዱት ዘፈን ጋር ይገጥሙታል። ኤዲት የሚሉት ይህን ነው። ክፍያ የለውም። ላይክ ቢመጣ መጣ፣ ባይመጣም ሌላ ይጀመራል።

ወላጆች ግን ነገሩ አይገባቸውም። "አንተ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጎልተህ ያደርከው ለዚህች ነው?" ስትል አንዷን ጎረቤቴን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያሳያት ቪዲዮ ሃያ ሰከንድ ቢሞላ ነው። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ሌሊቱ የት እንደገባ ቁጭ ብለን እንቁጠረው።

ብዙ ሰው የቪዲዮውን ርዝመት አይቶ ልፋቱን ይገምታል። አይገናኝም። ሰዓቱን የሚወስነው ቪዲዮው ስንት ቦታ ተቆርጧል፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይስ ምን ያህል ነገር ተነክቷል የሚለው ነው። አምስት ደቂቃ ሆኖ ቀላል ኤዲት አለ። አስራ አምስት ሰከንድ ሆኖ ወገብ የሚቆርጥም አለ።

በቁጥር እንየው። አኒሜ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው (ጥንቁቅ ለሆነ ሰው 23.976)። ፍሬም ማለት አንድ የቆመ ምስል ነው። የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ እንግዲህ 4,320 ምስሎች አሉት። ደግነቱ ማንም አንድ በአንድ አይነካቸውም። አሁን ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት ያለው ነው እንበል። አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ፣ ማለትም 12 ፍሬም ይሆናል። ልጁ በየሁለት ምቱ አንዴ ቢቆርጥ፣ በሰከንድ አንድ፣ በሦስት ደቂቃ 180 ቁራጭ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ተስማሚውን ትዕይንት ለማግኘት፣ ለመቁረጥና ቦታው ላይ ለማስቀመጥ ሦስት ደቂቃ ስጡት። 540 ደቂቃ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት! ከዚያ ከመጀመሪያው ተመልሶ እያንዳንዱን ለማስተካከል አንድ ደቂቃ ተኩል ጨምሩለት፤ ሌላ አራት ሰዓት ተኩል። ገና ቀለም አልተነካም፣ ጽሑፍ አልገባም፣ ከጀርባው ተቆርጦ የወጣ ሰው የለም። አስራ ሦስት ሰዓት ተኩል ግን ሄዷል።

ይህ የኔ ስሌት ነው እንጂ የማንም ሕግ አይደለም። ሦስት ደቂቃውን ወደ አንድ ያወረደ ፈጣን ልጅ አለ። አስር ደቂቃ የሚፈጅበትም አለ። ዋናው ነገር ማባዣው ነው፦ የቁራጭ ብዛት፣ ሲባዛ አንዱ ቁራጭ በሚወስደው ጊዜ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልጅ ሃያ ሰከንድ እንምጣ። ለስልክ የሚሠሩት አጫጭር ኤዲቶች ፈጣን ናቸው። በየግማሽ ምቱ፣ ማለትም በየስድስት ፍሬሙ ይቆረጣሉ። በሰከንድ አራት፣ በሃያ ሰከንድ 80 ቁራጭ ነው። ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ ባዶውን አይሄድም። አንዱ ወደ ፊት ይጠጋል፣ አንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ተሽከርክሮ ወደሚቀጥለው ይገባል። ለአንዱ ስድስት ደቂቃ ብቻ ብንሰጠው 480 ደቂቃ ነው። ስምንት ሰዓት። ሌሊቱ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ግን ትዕይንቶቹ እጅ ላይ አሉ ብለን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ ማንም አይቆጥረውም።

አንድ የቴሌቪዥን አኒሜ ክፍል ወደ 24 ደቂቃ ይጠጋል። 26 ክፍል ያለውን ተከታታይ ዳር እስከ ዳር ለማየት ከአስር ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጁ ቀድሞ አይቶታል፣ ወዶታልም። ለኤዲት ሲታይ ግን ዓይኑ ይለወጣል። ታሪኩ ይቀርና ምስር እንደመልቀም ይሆናል። ድምፁ ይዘጋል፤ ጠቃሚው እየተለየ ይቀመጣል። ምን ይጠቅማል? ገጸ ባሕሪው የማያወራበት ቦታ ይጠቅማል። አፉ እየተንቀሳቀሰ ዘፈኑ ሌላ ካለ ተመልካቹ ይረበሻል። የሚሮጥበት፣ የሚዞርበት፣ ዓይኑን የሚከፍትበት ይጠቅማል። እንቅስቃሴው ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ? እሱም ይመዘገባል። ወደ ቀኝ የሮጠን ሰው ወደ ቀኝ በሚበር ቀስት ማስቀጠል ዓይንን ያለሰልሰዋል። አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ማጋጨትም ራሱን የቻለ ስሜት አለው።

ጎበዞቹ የለቀሙትን በፎልደር ይከፋፍላሉ። "ፊት"፣ "ድብድብ"፣ "ሰማይ"፣ "እጅ"። ሰነፎቹ ይህን ዘልለው በኋላ ያችን አንዲት የሁለት ሰከንድ ትዕይንት ፍለጋ ሃያ ስድስቱን ክፍል እንደገና ያገላብጣሉ። "ክፍል ሰባት ላይ ነች… አይ፣ ዘጠኝ ላይ" እያሉ አንድ ሰዓት ይሄዳል።

እኛ ሰፈር ሌላ ጣጣም አለ። አኒሜ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፊልም ከሚጭን ሱቅ ነው። ፍላሽ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ተጭኖ ይሰጥሃል። ለማየት በቂ ነው። ለኤዲት ግን ችግር አለው፤ ሥሩ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከምስሉ ጋር ተጋግሮ ይመጣል። ማጥፋት አይቻልም። መፍትሔው ምስሉን አጉልቶ ጽሑፉን ከስክሪኑ ውጭ መግፋት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጥራቱ ይወርዳል፣ የገጸ ባሕሪው ፀጉር ከላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ንጹሑን ፈልጎ ማውረድ ግድ ነው። ዳታ ይበላል። ልጆቹ የሌሊት ጥቅል ገዝተው እኩለ ሌሊት ላይ ማውረድ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። እንግዲህ ይህ የመጠበቂያ ሰዓት ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? እኔ ብሆን እቆጥረዋለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ምቱ።

አንድ ምሽት ከዚያው ከጎረቤቴ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሲሠራ አየሁት። ላፕቶፑ እንዳይግል ሁለት የድሮ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ሰይፍ ይወርዳል፣ ከበሮ ይመታል። ቁራጩን በሁለት ፍሬም ወደ ግራ ገፋው፣ አጫወተው። መለሰው፣ አጫወተው።

"ጋሼ፣ ልዩነቱ ታየዎት?"

"ያው ነው እኮ።"

"እሺ፣ አሁን ይዩት።" ወደ ቀኝ ገፋው፣ ያንኑ ሁለት ፍሬም። ሰይፉ ከከበሮው በኋላ ወረደ። ምን እንደሆነ መናገር አልቻልኩም፤ ግን አንድ ነገር ሸተተኝ። ሰይፉ የደነዘዘ መሰለ።

ይህ የልጁ ቅብጠት አይደለም፣ የሰው አእምሮ ጠባይ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ለቴሌቪዥን ሥርጭት ባወጣው ምክረ ሐሳብ ላይ ቁጥሩ ተቀምጧል። ድምፅ ምስሉን በ45 ሚሊሰከንድ ያህል ከቀደመ ሰው ያውቀዋል። ድምፅ ከምስሉ ወደ ኋላ ሲቀር ግን እስከ 125 ሚሊሰከንድ ድረስ ይታለፋል። ለምን እንዲህ ተዛነፈ ቢባል፣ ብርሃን ከድምፅ ይፈጥናል። መብረቅ ይታያል፣ ቆይቶ ነጎድጓዱ ይሰማል። ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ ለጆሯችን የተለመደ ነው። ቀድሞ የሚመጣ ድምፅ ግን በተፈጥሮ የለም።

አንድ ፍሬም ወደ 42 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ምስሉ ከምቱ በሁለት ፍሬም ቢዘገይ፣ ድምፁ 83 ሚሊሰከንድ ቀደመ ማለት ነውና ይሸተናል። በሁለት ፍሬም ቢቀድም ግን ማንም አያውቅም፣ እንዲያውም ሹል ይመስላል። ብዙ ኤዲተሮች ልክ ምቱ ላይ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቀደም ብለው የሚቆርጡት በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩን አንብበውት አይደለም፤ ጆሮና ዓይናቸው ነግሯቸው ነው። 180 ቁራጭ ላይ ይህን አንድ ፍሬም፣ ሁለት ፍሬም የመግፋት ሥራ አስቡት። እያንዳንዱ ሦስት አራቴ ይጫወታል። ሰዓቱ ሲያልቅ አይታወቅም።

የዘፈኑ ዓይነትም ልዩነት አለው። በኮምፒውተር የተሠራ ዘመናዊ ዘፈን ምቱ እንደ ተተከለ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከገጠመ መጨረሻ ላይም ይገጥማል። በባንድ የተቀዳ የድሮ የአማርኛ ዘፈን ግን ይተነፍሳል። ድምፃዊው ስሜት ውስጥ ሲገባ ባንዱ ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይዘገያል። ለሰሚው ውበት ነው፣ ለኤዲተሩ መከራ። ምቱን ራሱ ፈልጎ ምልክት የሚያደርገው ፕሮግራም እዚህ ላይ ይስታል፤ በተለይ ችክችካ ከሆነ። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ምት ነው፤ በአራት በአራት መቁጠር የለመደ ማሽን መሃል ላይ ይጠፋበታል። ስለዚህ እያዳመጡ፣ ጣት ኪቦርድ ላይ አድርገው፣ ምቱን አንድ በአንድ በእጅ ምልክት ማድረግ ነው። እኔ በበኩሌ እንዲህ የተሠራ ኤዲት ሳይ ደስ ይለኛል። የጃፓን ተዋጊ በእስክስታ ምት ሰይፍ ሲመዝ አላየሁም ብላችሁ ሙቱ!

ሌላው ጊዜ በላተኛ ማስክ ነው። ገጸ ባሕሪውን ከጀርባው ቆርጦ ማውጣት ማለት ነው፤ ሌላ ሰማይ ሥር ለማቆም፣ ወይም ጽሑፍ ከኋላው ለማሳለፍ። በየፍሬሙ ዙሪያውን በመስመር መክበብ ይጠይቃል። የአኒሜ ፀጉር ደግሞ እንደምታውቁት ሾህ ሾህ ነው። የአራት ሰከንድ ትዕይንት 96 ፍሬም አለው። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብትሰጡት አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

እዚህ ላይ ግን አኒሜ ራሱ ያግዛል። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ይሁን እንጂ፣ ሠዓሊዎቹ 24 ሥዕል አይሥሉም። ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ አንዱን ሥዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም ያቆሙታል። በሰከንድ አስራ ሁለት፣ አንዳንዴም ስምንት ሥዕል ብቻ ነው የሚኖረው። ይህን ያወቀ ልጅ 96 ጊዜ አይከብም። ለሦስት ፍሬም የቆመ ሥዕል ከሆነ 32 ጊዜ ይበቃዋል። አምስት ሰዓቱ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። አዲስ ጀማሪና የቆየ ሰው የሚለዩት አንዱ እዚህ ነው፦ ጀማሪው ፍሬም ይቆጥራል፣ የቆየው ሥዕል ይቆጥራል። ካሜራው እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ግን ማስኩም አብሮ መሄድ አለበትና ሒሳቡ ይበላሻል።

ያው ጠባይ በሌላ በኩል ያስከፍላል። ልጆቹ ትዕይንቱን ቀስ ብሎ እንዲፈስ ማድረግ ይወዳሉ። ትዊክስተርን የመሰሉ ፕሮግራሞች በሁለት ምስል መካከል የሌለውን ምስል ገምተው ይፈጥራሉ። ለሦስት ፍሬም የቆመ ሥዕል ሲሰጣቸው ግን ይደናበራሉ። ይቆማል፣ ይዘላል፣ ይቆማል፣ ይዘላል። ስለዚህ መጀመሪያ የተደጋገሙትን ፍሬሞች ለቅሞ መጣል ያስፈልጋል። ከዚያም በኋላ ቢሆን እጅና ሰይፍ ሲፈጥኑ ምስሉ እንደ ሙጫ ይሳባል፤ እሱን በእጅ መጠገን ነው።

በስልክ ለሚሠሩት አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ካፕከትን የመሰሉ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ተስተካክለው ነው የሚከፈቱት። አኒሜው 24 ነው። ልዩነቱን ለመሙላት በየአራቱ ፍሬም አንዱ ይደገማል። ካሜራው በመንደር ላይ በቀስታ ሲያልፍ ምስሉ ሲንገጫገጭ ካያችሁ፣ ምክንያቱ ይህ ነው። ከጨረሱ በኋላ መቀየር ቁራጮቹን ከቦታቸው ያንሸራትታቸዋል። ከመጀመሪያው 24 ላይ አድርጉት።

ከዚያ ማሽኑ አለ። የወረደው ቪዲዮ የተጨመቀው ለማየት እንጂ ለመቁረጥ አይደለም። አንድ የ24 ደቂቃ ክፍል ጥቂት መቶ ሜጋባይት ውስጥ የሚገባው፣ ሙሉ ምስል የሚቀመጠው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሆነ ነው። በመካከል ያሉት ፍሬሞች ከጎረቤቶቻቸው የተለዩበትን ብቻ ይይዛሉ። ወደ ፊት ሲጫወት ችግር የለም። ኤዲተሩ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ይዘላል፣ አንድ ፍሬም ይመለሳል። በእያንዳንዱ ጊዜ ማሽኑ ወደ መጨረሻው ሙሉ ምስል ተመልሶ ከዚያ ጀምሮ መገንባት አለበት። ደከም ያለ ላፕቶፕ ስታክ የሚያደርገው እዚህ ጋ ነው። ታዲያ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ አድርጎ ለምን አይቀመጥም? ሒሳቡን እዩት። ያልተጨመቀ የ1080 (ሙሉ ኤችዲ) ምስል አንዱ ፍሬም ስድስት ሜጋባይት ያህል ነው። በሰከንድ ወደ 150 ሜጋ፣ በሦስት ደቂቃ 27 ጊጋ ገደማ። ሀርድ ዲስኩ ከየት ይምጣ! መካከለኛው መንገድ ፕሮክሲ ነው፤ አነስ ያለ ቀላል ቅጂ ሠርቶ በሱ ላይ መቁረጥ፣ በመጨረሻ ዋናውን መተካት። ቅጂውን መሥራት ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ንዴት ዋጋ አለው።

መጨረሻ ላይ ሬንደር ይመጣል፤ የተቆራረጠውን ሁሉ ማሽኑ አንድ ያለቀ ቪዲዮ አድርጎ የሚያወጣበት ሥራ ነው። እሱን ጭኖ መተኛት የተለመደ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ይሄዳል። ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው ደህና ከሆነ ይተርፋል። ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ወይም ባትሪው ካረጀ ድካሙ ሜዳ ላይ ይቀራል። ብዙዎች የሚገርማቸው፣ ሬንደሩ ዘጠና በመቶ ደርሶ ተቋርጦ ፋይሉ ጭራሽ አልከፈት ማለቱ ነው። ዘጠናው የት ሄደ? ኤምፒ ፎር ፋይል ማውጫው፣ ማለትም የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚናገረው ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ማውጫ የሌለውን ፋይል ማጫወቻው ማንበብ አይችልም። ለዚህ አንድ ደህና ዘዴ አለ። ቪዲዮ ከማውጣት ይልቅ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው በፎቶ ማውጣት። 4,320 ፎቶ ይሆናል፣ ቦታ ይይዛል። መብራት ቢሄድ ግን 3,000 ላይ ከቆመ ከ3,001 ትቀጥላላችሁ። መጨረሻ ላይ ፎቶዎቹን ከድምፁ ጋር ማጣበቅ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ለኛ ሰፈር የተፈጠረ ዘዴ ይመስላል።

ማንም የማይቆጥረው ሌላ ሰዓት ደግሞ አለ። ልጁ ጠዋት ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ኢርፎን ሰክቶ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ ያዳምጣል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ምን ይግባ? እዚያ ጋ ዝም የሚለው ቦታ ላይ የማን ፊት ይምጣ? እጁ ምንም አልነካም፤ ሥራው ግን እየተሠራ ነው። ስክሪን ፊት የተቀመጠበትን ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ያጣዋል። በኔ ግምት ጥሩ ኤዲትና ተራ ኤዲት የሚለዩት በዚህ ሰዓት ነው። ኤፌክቱ ያማረ፣ ሐሳብ የሌለው ኤዲት ሞልቷል። ሲያዩት ያስደንቃል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አይታወስም።

ድሮስ ይከፋ ነበር ወይ? ከጥንቶቹ የአኒሜ ሙዚቃ ቪዲዮዎች የመጀመሪያው ነው ተብሎ የሚታወቀውን የሠራው ጂም ካፖስታስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1982። ሁለት የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻዎችን አገናኝቶ፣ የአንድን የጠፈር ጦርነት አኒሜ ኃይለኛ ትዕይንቶች በቢትልሶች የፍቅር ዘፈን ላይ ገጠማቸው። ቀልድ ነበር፤ ሰው እየተፋጀ ዘፈኑ ፍቅር ነው የሚያስፈልገው ይላል። በካሴት ሲሠራ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አንዱ ማሽን ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል፣ ከዚያ በፖዝ ይቆማል። የሚቀጥለው ትዕይንት በሌላው ካሴት ላይ እስኪፈለግ መቅጃው ይጠብቃል። ግን ብዙ አይጠብቅም። ካሴቱና የመቅጃው የውስጥ ጭንቅላት እንዳይጎዱ ማሽኑ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ ፖዙን ይለቃል። አንዱ ቁራጭ ከተበላሸ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይደገማል።

ዛሬ ያ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ታዲያ ሰዓቱ ለምን አልቀነሰም? መሣሪያው በቀለለ ቁጥር የሚጠበቀው ስለጨመረ ነው። በካሴት ዘመን ቁራጩ ምቱ አካባቢ ከወደቀ ሰው ያጨበጭብ ነበር። አሁን በፍሬም ይለካል፣ ማስክ ይጠበቃል፣ ቀለሙ ከክፍል ክፍል መመሳሰል አለበት። አንድ ነገር ላይ የተረፈው ሰዓት በሌላው ይበላል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨርሱ የሚባልባቸው ውድድሮችም አሉ። እዚያ የሚወጡት ሥራዎች አንዳንዴ ወር ከተለፋባቸው ይበልጥ ሕይወት አላቸው። ይህን ስል ወር የሚለፉት ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙ።

ጥቅም አለው ወይ ለሚሉ ወላጆች አጭር መልስ አለኝ። የሰርግ ቪዲዮ የሚቆርጡት ወጣቶች የሚጠቀሙት እነዚያኑ ፕሮግራሞች ነው፤ ፕሪሚየር፣ አፍተር ኢፌክትስ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ። ፍሬም መግፋት የለመደ እጅ ሥራ አያጣም። ካጣም ግን፣ ኳስ ሲያይ የሚያመሽ ሰው ጥቅሙ ይጠየቃል እንዴ?

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱም ብዙ ሌሊት ገደል የሚከት ነው። ዘፈኑም ምስሉም ባለቤት አላቸው። በአገራችንም ቢሆን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዊንድ አፕ ሪከርድስ የተባለ የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያ፣ በዘፋኞቹ ሙዚቃ የተሠሩ የአድናቂ ቪዲዮዎች ከአንድ ትልቅ የኢንተርኔት ማኅደር እንዲነሱ ደብዳቤ ጽፎ አስደርጓል። ዛሬ ደብዳቤ እንኳን አያስፈልግም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚጠቀምበት ኮንቴንት አይዲ የተባለ ሥርዓት የሚጫነውን ሁሉ ባለመብቶች ካስመዘገቡት ጋር ያመሳክራል። ከገጠመ ባለመብቱ ሦስት ምርጫ አለው። ቪዲዮውን ያግደዋል፣ ማስታወቂያ አስገብቶ ገቢውን ይወስዳል፣ ወይም እንዲሁ ትቶ ስንት ሰው እንዳየው ይከታተላል። ለትርፍ ለማይሠራ ልጅ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግድ አይሰጡትም። የመጀመሪያው ነው ልብ የሚሰብረው።

ስለዚህ ማጣሪያውን ከመጀመሪያው ቁራጭ በፊት ማድረግ ይቻላል። ዘፈኑን በባዶ ጥቁር ምስል ላይ አድርጋችሁ፣ ከእናንተ በቀር ማንም እንዳያየው ዘግታችሁ ጫኑት። የመብት ምርመራው ውጤት እዚያው ገጹ ላይ ይመጣል። ታግዷል ካለ ዘፈን ቀይሩ። አይታገድም ካለ ደግሞ ፎልደር መክፈት ትችላላችሁ፤ ውሳኔው ግን በኋላ ሊለወጥ ስለሚችል የጨረሳችሁትን አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ አኑሩት።